ጣት ያላረፈባት ቃል

«ሳቁ እኮ! ሦስቱም ሳቁ!»

አክስቷ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባችና የተዋሰችውን ባለ ተረከዝ ጫማ ከደጃፉ ጀምራ ማውለቅ ያዘች። አንዱ ወንበር ስር ገባ፤ ሌላው በሩ ላይ ቀረ። ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። ራዲዮ የቤት ሥራዋን ዘርግታ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

«ማነው የሳቀው?»

«ፈታኞቹ ናቸዋ! እኔ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ሲባል ሰው ሁሉ ፊቱን አጨፍግጎ የሚቀመጥበት ይመስለኝ ነበር። ቁጭ በይና ልንገርሽ። ለካ ቁጭ ብለሻል!»

ራዲዮ ስሟ አይደለም። በየዕረፍቱ በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ስለምታወራ ተማሪው ያወጣላት ቅጽል ነው። ቀስ በቀስ መምህራኑም ለመዱት፣ በመጨረሻ አክስቷም «የኔ ራዲዮ» ማለት ጀመረች። እሷ ደግሞ አክስቷን «እቴቴ» ነው የምትላት። ቤት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናቷ ስትሞት ራዲዮ ገና ዳዴ ትል ነበር፤ እቴቴ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ደብተሯን አስቀምጣ ሕፃን አቀፈች፣ ከዚያ ወዲህ ደብተሩን አላነሳችውም። ይህን ነገር እቴቴ አንድም ቀን ተናግራው አታውቅም። ራዲዮ የሰማችው ከጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለመናገር ቸኩሎ ነው የሚያድረው።

እቴቴ ላውንድሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። ሰሞኑን አዲስ የተከፈተው ትልቅ ሆቴል የላውንድሪ ክፍል ኃላፊ እንደሚፈልግ ሰምታ አመለከተች። ሥራው እንደሆነ በጇ ነው፤ የትኛው ጨርቅ ስንት ሙቀት እንደሚችል ዓይኗን ጨፍና በመዳሰስ ትነግራችኋለች። ያስፈራት እንግሊዝኛው ነበር።

«‹ለምን አንቺን እንቅጠር?› አሉኝ፣ በእንግሊዝኛ። ገባኝ! ወዲያው ነው የገባኝ። ‹አይ ፎልድ፣ አይ አንፎልድ› አልኳቸው። አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ። እሺ አሉ። ከዚያ ያቺን ያንቺን ቃል አመጣኋታ! ‹አይ አም ኦልዌይስ አንሌት!›»

ራዲዮ እስክሪብቶዋን ከደብተሩ ላይ አነሳች።

«ከዚያስ?»

«መጀመሪያ ጸጥ አሉ። ከዚያ ያ መነጽር ያደረገው ወጣት ‹እስቲ ድገሚው› አለኝ። ደገምኩለት። ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ተነስቶ ከጎን ቢሮ አንዲት ልጅ ጠርቶ አመጣና ‹ለሷም በይላት› አለኝ። እሷማ ልትፈነዳ ነበር! እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ሲሸኘኝ ደግሞ ‹አርብ ጠዋት ነይ፣ ሥራ አስኪያጁ ይኖራል። ያቺን ቃል ለሱም እንዳትረሺ› አለኝ።» እቴቴ እግሯን እያሸች ወደ ራዲዮ ዘወር አለች። «ወደውኛል እኮ! ምን ሆነሽ ነው? ደስ አላለሽም?»

«ደስ ብሎኛል» አለች ራዲዮ። ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ቁጥሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራረቡባት።

ነገሩ የጀመረው በቲቸር ነው፤ ጥፋቱ ግን የሱ አይደለም። ይህ የእንግሊዝኛ መምህራቸው ለተማሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ብዙ ቃል ማስተማር ፈለገና በድምፅ ማጉያ «የዕለቱ ቃል» የሚባል ነገር አመጣ። ክፍል ውስጥ ሲያስረዳም እንዲህ ነበር ያለው፤ «ይህቺን ‹አን› የምትባል ሚጢጢ ነገር ከፊቱ ለጥፉበት፣ ቃሉ ጀርባውን ያዞራል። ሃፒ ደስተኛ ነው፤ አንሃፒ ያልተደሰተ። ሎክ መቆለፍ ነው፤ አንሎክ መክፈት። አንዱን ስታውቁ ሁለት አወቃችሁ ማለት ነው።» ከዚያም ጣቱን ቀስሮ ጨመረ፤ «ግን ሁሉም ቃል አይለጠፍበትም። ዝም ብላችሁ እየለጠፋችሁ እንዳትጫወቱ።»

ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣ። በየጠዋቱ ራዲዮ ቤተ መጻሕፍት ትገባለች፣ ያንን እንደ ጡብ የከበደ ዲክሽነሪ ትከፍታለች፣ የዕለቱን ቃል ፈልጋ ጣቷን ታሳርፍበታለች። እሱ ያያል። «ጣት ያላረፈባት ቃል ማይክ አታይም» ይል ነበር።

ቲቸር ለሥልጠና ሄደ። ሲሄድ ዲክሽነሪውን ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ፣ ሕጉን ለራዲዮ አደራ ብሎ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራዲዮ አክብራ ጣቷን አሳረፈች። አንድ ቀን ግን ከጓደኞቿ ጋር ጠዋቱን ሙሉ የመረብ ኳስ ቡድኑ ውስጥ ማን ይግባ ማን ይውጣ ሲጨቃጨቁ አረፈዱና ትዝ ያላት ማይኩ ተከፍቶ ቀዩ መብራት ከበራ በኋላ ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሽቦ የሚባለው ቀጭን ልጅ በእጁ «ጀምሪ» ይላታል። ውጭ ሜዳው ሙሉ ተማሪ ይጠብቃል። አፏ ላይ የመጣላትን ወረወረች።

«የዛሬው ቃል አንሌት! ሌት ማለት የዘገየ፤ አንሌት ማለት በሰዓቱ የደረሰ! በሉ ከኔ ጋር!»

ሜዳው በአንድ ድምፅ «አንሌት!» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ተማሪው በር ላይ እየሮጠ ደርሶ ለጥበቃው «አንሌት ነኝ!» እያለ ሲገባ፣ ጥበቃውም ሲስቁ፣ ራዲዮ በኩራት ትንሽ ረዘመች። እውነቱን እንናገር ካልን ከመጀመሪያዎቹ እውነተኛ ቃላት ይልቅ ይቺ ነበረች የተወደደችው። ስለዚህ ደገመችው። አንዌት፤ የደረቀ። አንብሬክ፤ የተሰበረ መጠገን። ቤተ መጻሕፍት መግባት ቀረ። ማንንም አልጎዳሁም አለች ለራሷ፤ ተማሪው ትንሽ ቢጫወት ምን አለበት?

የላውንድሪ ቤቱ የኋላ ግድግዳ የትምህርት ቤቱ አጥር መሆኑን ግን ታውቅ ነበር። ካውያው ያለበት ጠረጴዛ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት እንዳለች፣ እቴቴ ዕረፍት ሲደወል መስኮቷን እንደምትከፍት፣ የዕለቱን ቃል ከሰማች በኋላ አንገትጌ ስትተኩስ አንዴ፣ እጅጌ ስትተኩስ አንዴ እያለች ከአፏ ጋር እንደምታለማምደው ታውቅ ነበር። ማታ ማታ እራት ላይ እየደገመች ታሰማታለች እኮ። አንሌትን ያለች ዕለት ራዲዮ ሳቋን በውሃ ነው የዋጠችው። ያኔ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ከቃለ መጠይቁ ማግስት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ልትነግራት ሞከረች። እቴቴ መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን ስታስር፣ ራዲዮ ቦርሳዋን ከወዲያ ወዲህ እያገላበጠች ጀመረች።

«እቴቴ፣ ነገ ስትሄጂ... ቀላል ቀላሉን ብትናገሪ አይሻልም?»

«እንዴት ማለት?»

«ማለቴ፣ አንዳንዱ ቃል ብዙም አይነገርም። ያቺ አንሌት ለምሳሌ። ሰዎች ብዙ አይጠቀሙባትም።»

እቴቴ ማበጠሪያውን አፏ ውስጥ እንደያዘች በመስታወቱ አየቻትና ሳቀች። «ቀናሽብኝ አይደል? መምህሯን በለጥኳት! አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ በድምፅ ማጉያ የተናገርሽው? ያን ሁሉ ተማሪ ያስደገምሽው?» ማበጠሪያውን አወጣች። «ሌላም የማውቀው ቃል ነበረኝ። ያቺን የመረጥኳት ካንቺ አፍ ስለወጣች ነው። እንዴት ኮራሁ መሰለሽ!»

ራዲዮ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ቁርሷን አልነካችውም። መንገዱን ሙሉ ራሷን ስትሰድብ ሄደች፤ ፈሪ፣ ውሸታም፣ ደግሞ ፈሪ።

ትምህርት ቤት እንደደረሰች ያደረገችው ነገር ሞኝነት ነበር፣ ግን ማን ያልተመኘው አለ? ቤተ መጻሕፍት ገባችና ዲክሽነሪውን ከፈተች። ምናልባት በዕድል፣ ምናልባት እሷ ሳታውቅ፣ ቃሏ እውነተኛ ሆና ብትገኝስ? እንግሊዝኛ ሰፊ ነው። ከፈጠረቻቸው ሁሉ አንዷ፣ ያቺ አንዷ ብቻ እንኳ ብትኖር እቴቴ ትድናለች። ጣቷን ከገጹ አናት ላይ አኖረችና ቀስ ብላ ወረደች። ከላይዋ መኖር ያለባት ቃል አለች። ከታችዋ መኖር ያለባትም አለች። በመካከላቸው ግን ምንም የለም። እንደገና ከአናቱ ጀመረች። ገጹን ገልብጣ ከኋላውም አየች።

«ምን ጠፋብሽ?» አሉ ሠራተኛዋ ከጠረጴዛቸው።

«ምንም» አለች ራዲዮ፤ መጽሐፉን ከደነችው።

ዕረፍት ሲደወል የማይክ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ሽቦ አጎንብሶ ገመድ እየሰካካ ነው።

«ነይ ግቢ፣ ዛሬ ምንድነው ቃሉ?»

«የለም።»

«አንቺና ቃል ማጣት? ለጥፊበታ!» አላት። ከበሩ ሳትንቀሳቀስ ስትቀር ቀና አለ። ፊቷ መጥቆሩን ሲያይ ሳቁን ተወው። «ነገሩ ነቅቼብሽ ነበር። አንብሬክ ያልሽ ዕለት ቤት ሄጄ ፈልጌ አጥቻታለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ሁሉም ወዶታል። እኔም ወድጄው ነበር።»

ነገረችው። ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ባለ መነጽሩ፣ ከጎን ቢሮ ስለተጠራችው ልጅ። ሽቦ ገመዱን በእጁ እንደያዘ አዳመጠ።

«ሙድ ይዘውባታል ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እሷ አላወቀችም።»

«ታዲያ አሁኑኑ ግቢና በማይክ ተናገሪ። ‹ቃላቱ የሉም፣ የኔ ፈጠራ ናቸው› በይ፤ በቃ፣ አንድ ደቂቃ ነው። ተማሪው ለሁለት ቀን ይፎግርሻል፣ ከዚያ ይረሳል።»

ራዲዮም መንገድ ላይ ይህንኑ አስባው ነበር። ቀላል ነው። ማይክ ፊት ማንም አያይህም፤ ግድግዳ ላይ እያየህ ትናገራለህ፣ ማጥፊያውን ትጫናለህ፣ ያበቃል። ግን እቴቴ አሁን መስኮቷን ከፍታ ቆማለች። ከኋላዋ ልብስ አጣቢዋ አለች፣ ምናልባት ደንበኛም ቆሞ ይሆናል። የተሳቀባት መሆኗን እዚያ መሐል፣ ካውያ በእጇ ይዛ፣ ከቆርቆሮ ድምፅ ማጉያ ልትሰማ ነው።

«አይሆንም» አለች ራዲዮ። «መጀመሪያ እሷ ናት። ለተማሪው ሰኞ ቲቸር ሲመጣ እሱም ባለበት ራሴ እናገራለሁ።»

«ዛሬስ ምን ልበል?»

«ሙዚቃ ልቀቅ።»

በር ላይ ጥበቃው በዕረፍት ሰዓት ማንንም አያስወጡም። እሷን ሲያዩ ግን ፈገግ አሉ። «እህ፣ ራዲዮ! እኔ ዛሬም አንሌት ነኝ!» አሉና ቁልፉን አወጡ። ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ አልመጣላትም። «አክስቴ ጋ ደርሼ መጣሁ» ስትላቸው ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። በሩን ከፈቱላት።

ላውንድሪ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ከኋላ ማሽኑ ይጮሃል፤ አጣቢዋ እዚያ ናት፣ ጀርባዋን ሰጥታለች። እቴቴ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሸሚዝ ዘርግታ፣ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አዘንብላ ቆማለች። በመስኮቱ የሚገባው ሙዚቃ ብቻ ነው። ራዲዮን በበሩ ስታያት ደነገጠች።

«ምነው? አመመሽ? ቃሉስ?»

«ደህና ነኝ።» ራዲዮ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ያዘጋጀችው ረዥም መግቢያ ነበራት፤ ስለ መረብ ኳሱ፣ ስለ ቀዩ መብራት። ሁሉም ከአፏ ጠፋ። «እቴቴ፣ አንሌት የሚባል ቃል የለም።»

«የለም ማለት?»

«በእንግሊዝኛ የለም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ዲክሽነሪ አላየሁም። አንዌትም የለም፣ አንብሬክም የለም። ሰንፌ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሲወደድልኝ ቀጠልኩበት። አንቺ እንደምትሰሚኝ እያወቅኩ።»

እቴቴ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አንስታ በቂጡ አቆመችው።

«አንፎልድስ?»

«እሱ አለ። እሱ እውነተኛ ነው።»

እቴቴ ራሷን ነቀነቀች። ሸሚዙን አየች፣ መስኮቱን አየች። ራዲዮ ፊቷ ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲደርስ ታያለች፤ መጀመሪያ ግራ መጋባቱ፣ ከዚያ የትናንትናው ሳቅ።

«ታዲያ ለምን ነበር የሳቁት?»

ራዲዮ ዓይኗን ወደ ሸሚዙ አወረደች።

«በኔ ነው የሳቁት?»

ለዚህኛው የሚሆን ለስላሳ መልስ አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ስለወደዱሽ ነው፤ ቃሉ ቢጣፍጣቸው ነው። ቢባል ያምር ነበር፣ እቴቴም ታምናት ነበር። እስካሁን ያለቻትን ሁሉ አምናለችና።

«አዎ» አለች ራዲዮ።

«ያቺንም ልጅ የጠራት እንድትስቅብኝ ነው።»

«አዎ፣ እቴቴ።»

«እኔ ደግሞ አብሬያቸው ሳቅኩ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ለዚህ ነው ራዲዮ የባሰባት። እንባዋ ሳታስበው ወረደ። አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች፣ እንደገና ወረደ። ሁልጊዜ እንዲህ ስትሆን እቴቴ ያለችውን ጥላ ትመጣና ራሷን ደረቷ ላይ ታስጠጋታለች። ዛሬ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«አታልቅሺ» አለች። «አንቺ ስታለቅሺ እኔ ላባብልሽ ነው። ዛሬ አላባብልሽም።»

ራዲዮ እንባዋን ለመዋጥ ታገለች። እቴቴ ካውያውን አነሳች፣ የሸሚዙን ጀርባ ተኮሰች፣ ገለበጠችው፣ የአዝራሮቹን መሐል በጫፉ እየዞረች ጨረሰች፣ መስቀያ ላይ አንጠለጠለችው። አንድ መስመር አልተጨማደደም። ሌላ ሸሚዝ ግን አልዘረጋችም። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ቆመች።

«ልቅር?» አለች፤ ራዲዮን ሳይሆን ጠረጴዛውን የምትጠይቅ ይመስል ነበር። «ልቅርና ምን ልሁን? የዚያን ሁሉ አንሶላ ሥራ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይቅጠሩት። እኔ አልቀርም። ነገ እሄዳለሁ።»

«እስከ ማታ ትክክለኛዎቹን እናጥና። ሁሉንም ጣቴን እያሳረፍኩ...»

«እሱን ማታ እናየዋለን። አሁን ስሚኝ። ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

«እኔ?»

«አንቺ። ያ ባለ መነጽር፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት ‹እስቲ ያቺን ቃል ድገሚያት› ማለቱ አይቀርም። እኔ ዝም እላለሁ። አንቺ ትነግሪዋለሽ። ከየት እንደመጣች፣ ማን እንዳወጣት፣ እኔ ከማን አምኜ እንደያዝኳት። ከዚያ ትወጪና እኔ ስለ ሥራዬ እነጋገራለሁ።»

ራዲዮ ክፍሉ ታያት። አይታው አታውቅም፣ ግን ታያት፤ ረዥም ጠረጴዛ፣ ክራባት ያሰሩ የማታውቃቸው ሰዎች፣ መነጽሩ፣ ሁሉም ፊት ለፊት እያዩዋት። ማጥፊያ የለ፣ ግድግዳ የለ። ከጎኗ ደግሞ በተዋሰችው ጫማ የቆመችው እቴቴ። ነገ የሒሳብ ፈተና አለብኝ ልትል ትችል ነበር፤ አለባትም። ፈተናው ለሰኞም እንደሚሰጣት ግን ታውቃለች።

ከግድግዳው ማዶ ሙዚቃው ተቋረጠና ደወሉ ተደወለ። ተማሪው እየተንጫጫ ወደ ክፍል ሲገባ ይሰማል። እቴቴ አላጣደፈቻትም። መልሱን ቆማ ትጠብቃለች።

ራዲዮ ፊቷን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገች።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለች።